ኦርጋኑን ይዞ የመጣው ቀራጭ፦ የአይራ ሳንኪ ሕይወት



እሑድ ከአምልኮ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ቆም ብላችሁ የምእመናንን ጨዋታ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ስለ ስብከቱ ከሚነሳው ይልቅ ስለ መዝሙሩ የሚነሳው ይበዛል። ኪቦርዱ ጮኸ፤ ድራሙ ጆሮ አደነቆረ፤ ይህ ዜማ ከየትኛው ዘፈን እንደ ተወሰደ አውቃለሁ፤ እገሌ የሚባለው ዘማሪ በአልበሙ ቤት ሠራ። አሁን ደግሞ ስልክ ተጨምሯል። መዝሙሩ ጠዋት ይቀረጻል፣ ከሰዓት በኋላ በኢንተርኔት ይወጣል፣ ማታ ስንት ሰው እንዳየው ይቆጠራል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በጸሎታቸው የማከብራቸው አንድ አባት ቢሮዬ መጥተው ኪቦርዱ ካልወጣ እርሳቸው እንደሚወጡ ነገሩኝ። በዚያው ሳምንት ከኳየር አንድ ወጣት መጥቶ ድራም ካልገባ ወደ ሌላ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ ነገረኝ። እውነቱን ልናገርና፣ ለሁለቱም የሚሆን ጥሩ መልስ አልነበረኝም። ስለዚህ ለሁለቱም የአንድ ሰው ታሪክ ነገርኳቸው። ዛሬ ያንኑ ታሪክ ለእናንተም ልንገራችሁ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙ አይራ ሳንኪ ይባላል። ዲ. ኤል. ሙዲ የሚለውን ስም ያልሰማ የወንጌል አማኝ ጥቂት ነው፤ ሳንኪ የሙዲ ዘማሪ ነበር። የተወለደው በ1840 በአሜሪካ በፔንሲልቫንያ ግዛት ነው። አባቱ በአገሩ የታወቀ ሰው፣ በግዛቲቱ ምክር ቤት ያገለገለ፣ ኋላም የባንክ ኃላፊ የሆነ ነበር። በረጅሙ የክረምት ምሽት ቤተሰቡ በእሳት ዙሪያ ተቀምጦ ይዘምር ነበር፤ ሕፃኑ አይራ ዜማ መለየት የተማረው እዚያ ነው። ሙዚቃን በትልቅ ትምህርት ቤት ለዓመታት አልተማረም። በ16 ዓመቱ ጌታን ተቀበለ፤ ቤተሰቡ በ1857 ኒው ካስል ወደምትባለው ከተማ ሲዛወር የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን አባል ሆነ፤ ብዙም ሳይቆይ የመዘምራን መሪ አደረጉት።

እንግዲህ ችግሩ የጀመረው እዚያ ነው። በቤተ ክርስቲያኒቱ መዝሙር የሚዘመረው ያለ መሣሪያ ነበር። ሳንኪና ባልንጀሮቹ ኦርጋን ይግባ አሉ። ብዙ ክርክር ሆነ፤ በመጨረሻ ገባ። ሳንኪ ራሱ በኋላ እንደ ተረከው፣ በዚያ ምክንያት ቤተ ክርስቲያኑን ጥለው የወጡት አንድ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ ሽማግሌ በማግስቱ የሬሳ ሣጥን በጫነ ጋሪ ላይ፣ በሣጥኑ አናት ተቀምጠው፣ ስለ መቃብር የሚናገር መዝሙር እያንጎራጎሩ በከተማው ዋና መንገድ ሲያልፉ ታዩ ተብሎ ይወራ ነበር። ይህን ለአባታችን ስነግራቸው ከልባቸው ሳቁ። ሐሳባቸውን ግን አልቀየሩም።

በ1861 የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲጀመር ሳንኪ ዘመተ፤ በሰፈሩም ወታደሮችን ሰብስቦ ያዘምር ነበር። ሲመለስ በአገር ውስጥ ገቢ መሥሪያ ቤት ግብር ሰብሳቢ ሆነ። በወንጌል ቋንቋ ቀራጭ ማለት ነው! በ1863 ከመዘምራኑ አንዷ የነበረችውን ፋኒ ኤድዋርድስን አገባ፤ ልጆችም ወለዱ። ደመወዙ ጥሩ፣ ቤቱ የሞላ፣ በከተማው የተከበረ ሰው ነበር። በሠርግና በሰንበት ትምህርት ቤት ስብሰባዎች ዘምርልን ይሉታል፤ ይዘምራል፤ ሰኞ ወደ ቢሮው ይመለሳል። ብዙዎቻችን እንዲህ ነን፤ ክፋትም የለበትም።

በ1870 ወወክማ ብለን የምናውቀው የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር በኢንዲያናፖሊስ ከተማ ጉባኤ አደረገ፤ ሳንኪም ተወክሎ ሄደ። በማለዳ የጸሎት ስብሰባ የሚመራ ሙዲ የሚባል ሰው አለ ሲባል ሰምቶ ነበርና ሄዶ ገባ። መዝሙሩ ግን እንደ እርጥብ እንጨት አልያያዝ አለ። አጠገቡ የነበረ አንድ አገልጋይ እባክህ አንተ አንሣልን አለው፤ ሳንኪም የክርስቶስ ደም ስለሚሞላው ምንጭ የሚናገረውን የኩፐርን መዝሙር አነሣ። ጉባኤው ተነቃቃ።

ስብሰባው ሲያልቅ ሙዲ ሰላም እንኳ በወጉ ሳይለው ከየት እንደ መጣ፣ ሚስት እንዳለው፣ ሥራው ምን እንደ ሆነ ጠየቀው። ሳንኪ መለሰ። ሙዲም ያንን ሥራ መተው እንዳለበት፣ እርሱን ለስምንት ዓመት ሲፈልግ እንደ ቆየ ነገረው። ሳንኪ ደነገጠ። በማግስቱ በቀጠሮ አንድ መንገድ ዳር ተገናኙ። ሙዲ ምንም ሳይናገር ከአንድ ሱቅ ትልቅ ሣጥን አምጥቶ በመንገዱ ጥግ አስቀመጠና ሳንኪን ውጣና ዘምር አለው። ሠራተኞች ከፋብሪካ ወደ ቤታቸው የሚመለሱበት ሰዓት ነበር። ምሳ ዕቃቸውን እንደ ያዙ ቆሙ። ሙዲ ሰበከላቸው፤ ከዚያም ሕዝቡ ተከትሎአቸው ወደ አዳራሽ ገባ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሳንኪ በዚያች ምሽት ሁሉን ትቶ አልተከተለም። ለግማሽ ዓመት ያህል አመነታ። የመንግሥት ሥራ፣ ሚስትና ልጆች ያሉት ሰው ነበር። ሄዶ ለአንድ ሳምንት በቺካጎ ከሙዲ ጋር አገለገለና ከዚያ በኋላ ነው የመልቀቂያ ደብዳቤውን የላከው። ሥራችሁን ነገውኑ ካልለቀቃችሁ እምነት የላችሁም የሚሏችሁ ሰባኪዎች ሲመጡ ይህን ግማሽ ዓመት አስታውሱልኝ።

ብዙም ሳይቆዩ፣ በጥቅምት 1871፣ የቺካጎ ታላቅ ቃጠሎ ደረሰ። ያን እሑድ ምሽት ሳንኪ የመዝጊያውን መዝሙር ሲዘምር የእሳት አደጋ ደወል ተሰማ። የሚያገለግሉበት አዳራሽም የሙዲ ቤትም ነደደ። ሳንኪ ዕቃውን ተሸክሞ ወደ ሚሺጋን ሐይቅ ሸሸ፤ በጀልባ ላይ ሆኖም ከተማው ሲቃጠል አየ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በሰኔ 1873 ሁለቱ ከቤተሰቦቻቸው ጋር ወደ እንግሊዝ ተሻገሩ። ሊቨርፑል ሲደርሱ ከጠሯቸው ሰዎች ሁለቱ ሞተው ጠበቋቸው። የሚያውቃቸው አልነበረም። በዮርክ ከተማ በትንሽ ሕዝብ ጀመሩ። ሳንኪ በአየር የሚሠራ፣ በእግር እየተረገጠ የሚጫወቱት አነስተኛ ኦርጋን ነበረው። ተቀምጦ እየተጫወተ ብቻውን ይዘምር ነበር። ዜማዎቹ ቀላል ነበሩ፤ ስንኝ ይመጣና ሁሉም ተቀብሎ የሚለው አዝማች ይከተላል። ይህ አሠራር በዘመኑ ሰዎች በየቤታቸው በፒያኖ ዙሪያ ከሚዘፍኑት የተለመደ ዘፈን የራቀ አልነበረም። ተቺዎቹም ዝም አላሉም።

ሰዎች የሰሟቸውን መዝሙሮች ለመግዛት ፈለጉ። ሳንኪ በወቅቱ ይጠቀምበት ለነበረው መጽሐፍ አሳታሚዎች የእኔን መዝሙሮች ጨምሩልኝ ቢላቸው እምቢ አሉ። በኋላ አንድ የለንደን ክርስቲያን አሳታሚ 24 ገጽ ያለው ትንሽ ጥራዝ አወጣለት፤ ዋጋው ስድስት ፔኒ ነበር። ቃሉን ብቻ የያዘው ደግሞ በአንድ ፔኒ ይሸጥ ጀመር። በዚያ ዘመን ርካሽ ኅትመትና ባቡር አዲስ ኃይል ነበሩ። በአንድ ከተማ ማታ የተዘመረው በሳምንቱ በሌላ ከተማ በሠራተኛው ኪስ ውስጥ ነበር። ያ ትንሽ ጥራዝ በየጊዜው እያደገ ሄዶ 1,200 መዝሙሮች ያሉት መጽሐፍ ሆነ፤ በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ቅጂም ተሸጠ።

በኅዳር 1873 ወደ ስኮትላንድ፣ ወደ ኤዲንብራ ሄዱ። ስኮትላንዳውያን ፕሬስቢቴሪያኖች በአምልኮ የሚዘምሩት የዳዊትን መዝሙር ነበር፤ ያውም ያለ መሣሪያ። ሌላውን ሰው ሠራሽ መዝሙር ይሉታል። ኦርጋንን ደግሞ በፉጨት የተሞላ ሣጥን እያሉ ይሳለቁበት ነበር። እነዚህ ሰዎች ጨለማ ውስጥ ያሉ እንዳይመስሏችሁ! አባቶቻቸው ለእግዚአብሔር ቃል ደማቸውን ያፈሰሱ፣ መጽሐፍ ቅዱስን ከብዙዎቻችን የተሻለ የሚያውቁ ናቸው። ፍርሃታቸውም ተራ ፍርሃት አልነበረም። የሰው ቃል በእግዚአብሔር ቃል ቦታ እንዳይቀመጥ ነው የፈሩት። የዛሬዎቹን መዝሙሮቻችንን ግጥም ስሰማ፣ እኔም አንዳንዴ ስኮትላንዳዊ ብሆን ያሰኘኛል።

 በአንደኛው ምሽት ሳንኪ ሊዘምር ቀረበ። ከፊቱ ከተቀመጡት አንዱ በስኮትላንድ የታወቁት መዝሙር ደራሲ ሆራሽየስ ቦናር ነበሩ። ቦናር መዝሙር ይጽፋሉ እንጂ በራሳቸው ቤተ ክርስቲያን ያን ጊዜ የሚዘመረው የዳዊት መዝሙር ብቻ ነበር። ሳንኪ እርሳቸውን ሲያይ ጉልበቱ ከዳው። ጉባኤው በጸሎት እንዲያስበው ጠየቀ፤ ከዚያም ዘመረ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ሲያበቃ ቦናር ፈገግ ብለው መጡና እጁን ጨብጠው በዚያ ምሽት ወንጌልን እንደ ዘመረ ነገሩት። ሁሉም ግን እንደ ቦናር አልነበሩም። በሌላ ምሽት አንዲት ሴት ተነሥታ አስወጡኝ ብላ ጮኸች፤ ጆን ኖክስ ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር እያለችም ወጣች።

ሰዎቹን የማረካቸው ምን ነበር? ድምፁ መልካም ባሪቶን ቢሆንም ከእርሱ የሚበልጡ ዘፋኞች በየቲያትሩ ነበሩ። የሰሙት ሁሉ የሚመሰክሩት ስለ ቃሉ ነው። ሳንኪ እያንዳንዱን ቃል ለይቶ፣ እንደ መናገር አድርጎ ይዘምር ነበር። ከመዝሙሩ በፊት ጸጥታን ይጠይቃል፤ ኦርጋኑን ከድምፁ በታች ያደርገዋል። በኋለኛው ወንበር ያለች አሮጊት ቃሉን ካልሰማች ዘመርኩ አይልም። እኛ ዘንድ ደግሞ ማይክሮፎን አለ፣ ሚክሰር አለ፣ የግድግዳ ስክሪን አለ፤ ዘማሪው የሚለው ነገር ግን አንዳንዴ አይሰማም። ለዚያ ወጣት የነገርኩት ይህንን ነው። ድራሙ ይግባ አይግባ ከማለቴ በፊት፣ እናትህ ቃሉን ትሰማለች ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

በ1874 የሆነውን ደግሞ ስሙ። ሙዲና ሳንኪ ከግላስጎ ወደ ኤዲንብራ በባቡር ሊሄዱ ነው። ሳንኪ በጣቢያው በአንድ ፔኒ ጋዜጣ ገዛ፤ የአሜሪካ ወሬ ቢያገኝ ብሎ ነው። ወሬም ማስታወቂያም አነበበና ሊጥለው ሲል በአንድ ጥግ ግጥም አየ። የጠፋውን አንድ በግ ፍለጋ ስለ ወጣው እረኛ፣ በሉቃስ 15 ስላለው ምሳሌ የተጻፈ ነበር። ጸሐፊዋ ኤልሳቤጥ ክሌፈን የምትባል ስኮትላንዳዊት ናት፤ በ1869 ዓርፋለች። ሳንኪ ደስ ብሎት ለሙዲ ጮክ ብሎ አነበበለት። ሙዲ ግን ከቺካጎ የመጣ ደብዳቤ እያነበበ ነበርና አንድም ቃል አልሰማውም። ሳንኪ ግጥሙን ቆርጦ ማስታወሻው ውስጥ ከተተው።

በሁለተኛው ቀን በኤዲንብራ የቀትር ስብሰባ ላይ ርዕሱ መልካሙ እረኛ ነበር። ሙዲ ሰበከ፤ ቦናርም ተናገሩ። ከዚያ ሙዲ ወደ ሳንኪ ዞሮ ለመዝጊያ ከርዕሱ ጋር የሚሄድ መዝሙር ጠየቀው። ሳንኪ ምንም አልነበረውም። ስለ እረኛ የሚያውቀው መዝሙር 23ን ነው፤ እርሱ ደግሞ በዚያ ጉባኤ ተዘምሯል። በልቡ ያችን የጋዜጣ ቁራጭ ዘምራት የሚል መጣለት። ዜማ ግን የላትም! ቁራጯን ከፊቱ በኦርጋኑ ላይ አስቀመጠ፤ ጸለየ፤ ኤ ፍላትን ተጫነና ዜማውን እያንዳንዱን ኖታ በቦታው እየፈጠረ ጀመረ። የመጀመሪያው ስንኝ ሲያልቅ ሌላ ፍርሃት ያዘው፤ ሁለተኛውን በዚያው ዜማ እደግመው ይሆን? ደገመው። አምስቱንም ስንኝ ጨረሰ። ሙዲ ከመድረክ ወርዶ በኦርጋኑ ላይ ተደግፎ ቁራጯን እያየ ይህን መዝሙር ከየት አገኘኸው አለው። ሳንኪም ትናንት በባቡር ያነበብኩልህ ነው ብሎ መለሰለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ዜማ ሳይለወጥ ይዘመራል። የጸሐፊዋ እኅትም በኋላ ለሳንኪ የምስጋና ደብዳቤ ጻፈችለት።

መጽሐፉ እየተሸጠ ሲሄድ ሐሜቱም ተነሣ። እነዚህ ሰዎች የኦርጋን ነጋዴ ናቸው፤ ከኋላቸው ያለው ባርነም የተባለው የሰርከስ ባለጸጋ ነው፤ በመዝሙር ሀብታም ሆኑ ተባለ። ይህ ጉዳይ ከዜማው ይልቅ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ እኛም ዘንድ በግቢው ሹክሹክታ ውስጥ ያለው እርሱ ነውና። ሁለቱ ምን አደረጉ? የለንደን ስብሰባቸው በ1875 ሲያበቃ ከመጽሐፉ የደረሳቸው ድርሻ ሰባት ሺህ ፓውንድ ገደማ ነበር። ገንዘቡን ስብሰባውን ላዘጋጀው ኮሚቴ ሰጡ። ኮሚቴው ወንጌላውያኑ ራሳቸው ከፍለው ሰበኩ እንዳይባል ብሎ አልቀበልም አለ። በመጨረሻ ከቃጠሎው በኋላ ግንባታው ቆሞ ለነበረው ለቺካጎ ቤተ ክርስቲያን ተላከና ሕንፃው አለቀበት።

በአሜሪካም ከፊሊፕ ብሊስ ጋር ሌላ የመዝሙር መጽሐፍ ሲያወጡ፣ ከሽያጩ የሚገኘው ድርሻ በቀጥታ ለባለ አደራዎች እንዲገባ አደረጉ። ሰብሳቢው ዊልያም ዶጅ የተባለ የታወቀ ነጋዴ ነበር። ብሊስም ድርሻውን ተወ፤ እርሱ በታኅሣሥ 1876 መጨረሻ በአሽታቡላ ድልድይ ተደርምሶ በደረሰው የባቡር አደጋ ከሚስቱ ጋር ሞተ። እስከ 1885 ድረስ የተሰበሰበው ከ357 ሺህ ዶላር በላይ ሆነ፤ አብዛኛው ሙዲ በኖርዝፊልድ ለከፈታቸው ትምህርት ቤቶች ዋለ። ልብ በሉ፣ መጽሐፉን በነጻ አላደሉም፤ ሸጠውታል። ሳንኪም የዕለት እንጀራውን ይበላ ነበር፤ ኋላም የመዝሙር አሳታሚ ድርጅት ፕሬዚዳንት ሆኖ ሠርቷል። ነገር ግን ሒሳቡን የሚይዘው ሌላ ሰው ነበር፤ የፈለገ ይጠይቃል። ለአንድ የግብር ሠራተኛ ይህ ከባድ አልነበረም መሰለኝ!

ሁሉን ነገር ደግሞ መልካም ነው አልልም። ከሳንኪ መጽሐፍ መዝሙሮች ብዙዎቹ ዛሬ ማንም የማያስታውሳቸው፣ ስሜት የበዛባቸው፣ ስለ እኔና ስለ እኔ ብቻ የሚናገሩ ናቸው። የዳዊት መዝሙር ሸክምና ልቅሶ የለባቸውም። ያችም ኤዲንብራ ላይ ወጥታ የሄደችው ሴት ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተችም።

ሙዲ በታኅሣሥ 1899 ዐረፈ። የሳንኪም ኃይል ከዚያ በኋላ እየደከመ ሄደ። ለዓመታት የጻፈውን የሕይወት ታሪኩንና የመዝሙሮቹን ታሪክ ይዞ ባትል ክሪክ በሚባል የጤና ማረፊያ ሳለ በ1902 ቤቱ ተቃጠለና ጽሑፉ ሁሉ አመድ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ዐይኑ ጠፋ። መጽሐፉን እንደ ገና ከትዝታው እያወጣ አዘጋጀው፤ ታተመም። በብሩክሊን ቤቱ በጨለማ ሲቀመጥ ከሚጠይቁት መካከል መዝሙር ደራሲዋ ፋኒ ክሮዝቢ ነበረች። እርሷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ዐይነ ስውር ናት፤ ለብዙ ዓመታት ግጥም ስትሰጠው እርሱ ዜማ ይሰጣት ነበር። የዚያ ዘመን መዝሙሮች በትርጉም እኛም አብያተ ክርስቲያናት ደርሰው ይዘመራሉ። ሳንኪ በነሐሴ 1908 ወደ ጌታው ሄደ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። በ1890ዎቹ መጨረሻ ከሸክላ በፊት የነበረው ፎኖግራፍ አዲስ ነገር ሆኖ በየገበያው ሳንቲም እየተከፈለ ቀልድና ዘፈን ይሰማበት ነበር። ሳንኪም ሄዶ ጡሩምባ በመሰለው አፉ ፊት ቆመና ከሰም በተሠራ ጥቅልል ላይ መዝሙሮቹን ዘመረ። ከእነዚያ ጥቅልሎች የተረፉ ነበሩ፤ በ2016 ድምፃቸው ታድሶ ታተመ። ያንን ከኳየር የመጣውን ወጣት ጠርቼ በስልኬ አሰማሁት። ጫጫታው በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ ዝናብ ይመስላል፤ ከውስጡ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ ይወጣል። ወጣቱ መጀመሪያ ሳቀ። ትንሽ ቆይቶ ስልኩን ከእጄ ወስዶ ወደ ጆሮው አስጠጋና፣ ቃሉ ምን እንደሚል ጠየቀኝ።